ኦንላይን የሕክምና ትምህርት ላይ ጥናት መሥራት፦ ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የሕክምና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። የጥናት ርዕስ መምረጫ ጊዜ ሲደርስ ቢሮዬ በር ላይ ወረፋ ይሆናል። ከሚመጡት ውስጥ ሁለት ሦስቱ የግድ "ስለ ኦንላይን ትምህርት ልሥራ ብዬ ነበር" ይላሉ። ጀማሪ መምህራንም ይጨመሩበታል፤ እነሱ ደግሞ የሚጠይቁኝ ኮሪደር ላይ እየተራመድን ነው። አንዱን መልስ አሥር ጊዜ ከመድገም ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ቅደም ተከተል አትፈልጉበት፤ እንደመጣልኝ ነው።

በአጭሩ ንገሩን፤ ኦንላይን ይሻላል ወይስ ክፍል ውስጥ?

በአጭሩ ከሆነ፣ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ትንሽ ልዘርዝረው። (የጥናቶችና የውጭ ነገሮች ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ የአገራችንን ጉዳይ ስናገር ግን ዓ.ም. እያልኩ በኛ አቆጣጠር ነው።) እ.ኤ.አ. በ2008 የማዮ ክሊኒኩ ዴቪድ ኩክ እና ባልደረቦቻቸው በጤና ሙያ ትምህርት ላይ የተሠሩ 201 ጥናቶችን ሰብስበው "ጃማ" የተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በኢንተርኔት የተማረው ምንም ካልተማረው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ነበር፤ ዕውቀት በአንድ ሙሉ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የውጤቶች መራራቅ የሚለካበት መለኪያ) ከፍ ብሏል። ይኼ አይገርምም። የበላና ያልበላ መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል? በሌላ መንገድ ከተማረው ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ወደ 0.12 ወረደ። እሱም ቢሆን ከጥናት ጥናት ይዘበራረቃል።

አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2018፣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ወጣ። 16 ራንደማይዝድ (ተሳታፊው በዕጣ የተመደበባቸው) ጥናቶች፣ 5,679 የጤና ባለሙያዎች። በባለሙያው ዕውቀትና ክህሎትም ሆነ በበሽተኛው ጤና ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ስናገር ሁለት ዓይነት ሰው ቅር ይለዋል። አንዱ "ወደፊት ሁሉም ኦንላይን ነው" ብሎ የመጣው ነው። ሌላው "ድሮም ጠመኔና ሰሌዳ ይበልጣል ብያለሁ" ሊል አፉን ከፍቶ የነበረው ነው። ሁለቱንም አብሽሩ እላቸዋለሁ።

እንግዲያው እኔም እኛ ጋ ሁለቱን ላወዳድር?

ተው። ተይው።

ይኼን ምክር የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ቻርልስ ፍሪድማን በ1994 ኮምፒውተርን ከሌክቸር ጋር ማወዳደር የትም እንደማያደርስ ጽፈዋል። ኩክም በ2005 "አሁንም ልንሠራው የሚገባንን ጥናት እየሠራን አይደለም" የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ አወጡ። ከዚያ በፊት በ1983 ሪቻርድ ክላርክ የተባሉ የትምህርት ተመራማሪ ነገሩን በምሳሌ አስቀምጠውት ነበር፤ የማስተማሪያው መሣሪያ ምግብ እንደሚያመላልስ መኪና ነው፣ የሰውን አመጋገብ የሚለውጠው መኪናው አይደለም የሚል።

ይኼ ምሳሌ ኮምቦልቻ ላለ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደረቅ ወደቡ በር ላይ ቆማችሁ የሚገባውን ከባድ መኪና እዩ። ስንዴው ገንቢ የሚሆነው በአዲስ መኪና ስለመጣ አይደለም። ሻጋታ የበላው ከሆነም የመኪናው አዲስነት አያድነውም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጎበዝ መምህር በቪዲዮ፣ ሰነፍ መምህር በክፍል ብታወዳድሩ ቪዲዮ ያሸንፋል። ብትገለብጡት ክፍል ያሸንፋል። ያወዳደራችሁት መምህራኑን ነው። ጥሩው ጥያቄ እዚያው ኦንላይኑ ውስጥ ያለ ነው። አጭር ቪዲዮ ወይስ ረጅም? ከጥያቄ ጋር ወይስ ያለ ጥያቄ? ለጀማሪ ወይስ ለኢንተርን? በዚህ መንገድ መኪናውን ትታችሁ ጭነቱን ትመረምራላችሁ።

ምርምሩ ታዲያ አሁን ወዴት እየሄደ ነው?

ነገሩን በማዕበል ባየው ይቀለኛል። የመጀመሪያው ማዕበል በ1960ዎቹ ነው። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ላይ "ፕላቶ" የሚባል የኮምፒውተር ማስተማሪያ ሥርዓት ነበር፤ ነርሶች ተምረውበታል። ቀጥሎ ሲዲ መጣ። ሕንፃ የሚያህል መጽሐፍ አንድ ሲዲ ውስጥ ገባ ተብሎ ስንት ተወራ! ከ2000 ወዲህ ድረ ገጽ መጣ፤ ሙድል የሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር የወጣው በ2002 ነው። ያኔ ዋናው ጥያቄ "ይሠራል ወይ?" ነበር።

ከ2010 በኋላ ጥያቄው መልኩን ቀየረ። ፍሊፕድ ክላስሩም (ከታች አስረዳዋለሁ)፣ ለሁሉም ክፍት የሆኑ የኦንላይን ኮርሶች፣ የስልክ አፕሊኬሽን፣ ሰው ሠራሽ በሽተኛ (ኮምፒውተር ላይ የሚመረመር)። "ይሠራል ወይ?" ቀርቶ "እንዴት ሲሠራ ነው የሚሠራው?" ሆነ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዓለም ሁሉ በአንድ ሌሊት ዙም ላይ ወጣ፤ የጥናት ጽሑፉም እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ከዚያ ጎርፍ ውስጥ ብዙው ስሜትን የሚጠይቅ ነው፦ "ወደዳችሁት? ተመቻችሁ?" ብሎ የሚያልቅ። ችግር ሲመጣ በጥድፊያ የተሠራን ነገር በደንብ ታስቦ ከተዘጋጀ የኦንላይን ትምህርት ጋር አንድ ላይ መክተት ተገቢ አይደለም። የዚያን ጊዜ ጥናቶችን ስታነቡ ይቺን ልብ በሉ።

የመጨረሻው ማዕበል ኤ.አይ. (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው፤ ከታች እመጣበታለሁ።

"የምርምር አዝማሚያ" ራሱ የጥናት ርዕስ ይሆናል?

ይሆናል። ቢብሊዮሜትሪክ ይሉታል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ከሚባሉት የጥናት ጽሑፎች ቋቶች በርዕሱ ላይ የወጡ ጽሑፎችን ዝርዝር ታወርዳላችሁ። ማን ከማን ጋር ጻፈ፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር አብሮ መጣ፣ የቱ ዓመት ላይ ምን ጨመረ የሚለውን ትቆጥራላችሁ። ሥዕሉን የሚሠራላችሁ ቪ.ኦ.ኤስ.ቪውር የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ የሠሩት የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ባለ ቀለም ክብ ክቡ ያምራል። ደስ የሚለው ነገር በሽተኛም፣ መጠይቅም፣ የመስክ አበልም አይፈልግም።

ግን ሥዕሉ አያታልላችሁ። የሚቆጥረው ብዛትን ነው፣ ጥራትን አይደለም። እነዚያ ቋቶች ውስጥ ያልገባ መጽሔት ደግሞ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የኛ ሰው በአገር ውስጥ መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ካርታው ላይ ነጥብ እንኳ ላይሆን ይችላል። "ኢትዮጵያ ውስጥ ምንም አልተሠራም" ብሎ የሚደመድም ፕሮፖዛል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "የት ፈለግክ?" ብዬ ነው።

ፍሊፕድ ክላስሩም የሚሉት ነገር እውነት ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን ዘዴ አለው። ሐሳቡ ሌክቸሩን ቤት ማየት፣ ክፍል ውስጥ ኬስ (የአንድ በሽተኛ ታሪክ) መወያየት ነው። በ2018 ሂው እና ሎ የተባሉ ተመራማሪዎች 28 የማነጻጸሪያ ጥናቶችን አንድ ላይ አዩ። ፍሊፕዱ ከተለመደው ሌክቸር ብልጫ አሳየ። ብልጫው ይበልጥ የጎላው ደግሞ መምህሩ ክፍለ ጊዜውን በአጭር ጥያቄ ሲጀምር ነው።

ይቺን ጥያቄ እኔ በራሴ ኪሳራ ነው የተማርኳት። መጀመሪያ ስሞክር ቪዲዮ ላክሁ፣ ኬስ አዘጋጀሁ፣ ክፍል ገባሁ። "ያያችሁት?" አልኩ። ዝም። አንዱ ከኋላ "ዳውንሎድ አድርገነዋል ዶክተር" አለ። ማውረድና ማየት ለየቅል መሆናቸውን ያኔ ነው የገባኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በር ላይ አምስት ጥያቄ የያዘች ብጣሽ ወረቀት ማደል ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ኬሱ ላይ የሚከራከር ሰው አገኘሁ።

ቴሌግራም ላይ ጥያቄ መለጠፍ ትምህርት ነው ወይስ ጨዋታ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይኼ ነው፤ መልሱ ስለሚያስገርም።

ሰው አንድን ነገር ደግሞ ከሚያነብ ይልቅ ቢጠየቅ የበለጠ ያስታውሳል። በ2009 ላርሰን እና ባልደረቦቹ የሕፃናትና የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞችን) ሁለት ርዕስ አስተማሩ፤ ስታተስ ኤፒሌፕቲከስ (የማያቋርጥ የሚጥል በሽታ) እና ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም በሽታ)። አንዱን ርዕስ ደጋግመው አነበቡ። ሌላውን ደጋግመው ተፈተኑ። ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ የመጨረሻ ፈተና ተሰጠ። የተፈተኑበት ርዕስ ላይ አማካዩ 39 ከመቶ፣ ያነበቡት ላይ 26 ከመቶ። 39 ራሱ የሚያኮራ አይደለም፤ ግን ከስድስት ወር በኋላ ያቺ 13 ነጥብ ቀላል አይደለችም።

ሃርቫርድ ላይ ደግሞ ፕራይስ ከርፉት የተባሉ የዩሮሎጂ (የሽንት አካላት) ሐኪም በኢሜይል ጥቂት ጥቂት ጥያቄ በየጊዜው እየላኩ፣ እያራራቁም እየደገሙ፣ ውጤቱን በተደጋጋሚ ራንደማይዝድ ጥናት ፈትሸዋል። አብዛኛው ውጤት ለዘዴው የሚያደላ ነው።

እኛ ጋ ኢሜይል የሚከፍት ተማሪ የለም። ቴሌግራም ግን አለ፤ ኩዊዝ መሥሪያም አለው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ጥያቄ ይለቀቃል። ጥያቄ ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይበላም ማለት ይቻላል። የተሳሳቱባት ጥያቄ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከወር በኋላ ተመልሳ ትመጣለች። ደሴ ላይ ከምንሠራቸው ጥናቶች ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ መልስ የሚሰጠው ይኼ ይመስለኛል። ርዕስ ፍለጋ ለመጣ ሁሉ እሰጠዋለሁ። አብዛኛው ግን "ትንሽ አልሆነም ወይ?" ይለኛል።

ቪዲዮ አይቶ ብቻ የሕክምና ክህሎት ይመጣል?

አንድ ቀን ዋርድ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ጣፊያቸው ያበጠ አንዲት እናት ተኝተዋል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ "የጣፊያ ምርመራ ቪዲዮውን አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ" ብላ ወደ አልጋው ቀረበች። ጠዋት ነው፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። እጇን በቀጥታ ከግራ ጎድን ሥር አሳረፈች። እናትየው ሆዳቸውን አጠበቁ። "እጅሽን አሙቂው እንጂ የኔ ልጅ" አሏት።

ሁለት ስህተት ነው። አንዱ ጣፊያ የሚፈለገው ከቀኝ ታችኛው የሆድ ክፍል ተጀምሮ ወደ ግራ ላይኛው እየተሄደ ነው፤ በጣም ያበጠ ጣፊያ ጫፉ ታች ስለሚሆን ከጎድን ሥር የጀመረ ሰው ያመልጠዋል። ይኼን ቪዲዮው ነግሯታል። አውቃዋለች፤ እጇ ግን አላወቀውም። ሁለተኛው የእጅ ቅዝቃዜ ነው። ይኼን ቪዲዮው አልነገራትም።

ጆርጅ ሚለር በ1990 ያቀረቡት ፒራሚድ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ከታች "ያውቃል" አለ፣ ከዚያ "እንዴት እንደሆነ ያውቃል"፣ ከዚያ "ሠርቶ ያሳያል"፣ ጫፉ ላይ "በሥራ ላይ ያደርገዋል"። ኦንላይን ሁለቱን ታችኛ ደረጃዎች በደንብ ይሞላል። ሦስተኛውንም ይነካካል። በ2019 ኮኖኖቪች እና ባልደረቦቹ ሰው ሠራሽ በሽተኛ ላይ የተሠሩ 51 ጥናቶችን ገምግመው ነበር፤ 4,696 ተሳታፊ ነበራቸው። በዕውቀት ከተለመደው ትምህርት ጋር እኩል ሆነ፤ በክህሎት ግን ሰው ሠራሹ በሽተኛ በለጠ። ክህሎት የተባለው ግን በአብዛኛው ማሰብን የሚመለከት ነው፤ መመርመርን፣ መመዘንን፣ መወሰንን። እጅ ማሞቅ ውስጡ የለም።

ስለዚህ ርዕስ ስትመርጡ የትኛውን ደረጃ እንደምትለኩ ቀድማችሁ ወስኑ። በምርጫ ጥያቄ ፈትናችሁ "ክህሎት አሻሻለ" ብላችሁ አትጻፉ።

ኔትወርክና መብራት በሌለበት ስለ ኦንላይን ማጥናት ቅንጦት አይሆንም?

ጭራሽ! እንዲያውም የኛ ጥያቄ እሱ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪ ያሳለፈውን አስቡት። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተሞቹ ውስጥ ገባ፤ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ትምህርት የሚባል ነገር አልነበረም፣ የጤናና የትምህርት ተቋማት ንብረትም ተዘረፈ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሳይመለስ ወራት አለፉ። በአንድ የሕክምና ተማሪ ዕድሜ ውስጥ ሦስቱም ደርሰዋል።

አሁን የዓለሙን ጥናት ክፈቱ። ብዙው ኢንተርኔቱ አለ ብሎ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፍሬሕይወት እና ባልደረቦቿ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ስለ ሕክምና ኢ-ለርኒንግ የተጻፉ 124 ጽሑፎችን ሰብስበው ነበር። በብዛት የመጡት ከብራዚል፣ ከሕንድ፣ ከግብፅና ከደቡብ አፍሪካ ነው። "ገቢያቸው ዝቅተኛ" በሚለው ስም ሥር የኛ ዓይነቱ ሁኔታ ጥቂት ነው።

እናም እዚህ የሚጠየቀው እንዲህ ያለ ነው። ትምህርቱ ለሦስት ሳምንት ቢቋረጥ ምን ይቀራል? ቀጥታ የሚተላለፍ ዙም ሲቋረጥ የሄደው ሄደ። ቀድሞ የወረደ ፋይል ግን ስልክ ላይ ይቀመጣል። አሥር ደቂቃ ድምፅ በደንብ ከተጨመቀ ሁለት ሜጋባይት አይሞላም። አንድ ሰዓት ዙም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። ድምፅና ሁለት ሦስት ሥዕል ይበቃል ወይስ የግድ ቪዲዮ ያስፈልጋል? ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የኪዊክስ የሕክምና ማውጫ ዋርድ ላይ ምን ያህል ይረዳል? ግቢ ውስጥ ብቻ በዋይፋይ የሚሠራ ትንሽ ሰርቨር ቢቀመጥስ? እነዚህን ቦስተን ያለ ተመራማሪ አይጠይቃቸውም፤ አልደረሰበትም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር መሆኑን አስታውሱ። ፈተናው ዲጂታል ሆኖ ልምምዱ የወረቀት ከሆነ፣ የምንለካው የሕክምና ዕውቀትን ነው ወይስ ማውዝ መያዝን? እሱም ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

ግማሹን ተማሪ በኦንላይን፣ ግማሹን በክፍል አድርጌ ባጠናስ?

ዶርም ኖራችሁ የለ? የቁጥጥር ቡድኑ (በክፍል ብቻ እንዲማር የመደባችሁት) ማታውኑ ፋይሉን በዜንደር፣ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያላልከው አፕ፣ ይወስደዋል። ስግብግብ ስለሆኑ አይደለም፤ ጓደኛውን የሚከለክል ተማሪ ደሴ ላይ ስለሌለ ነው። በጥናት ቋንቋ ኮንታሚኔሽን (የቡድኖች መበራረዝ) ነው፣ በኛ ቋንቋ ደግነት።

መውጫ መንገድ አለው። ሁሉንም ተማሪ ለሁለት ክፈሉና ርዕሱን አቀያይሩ። ቡድን አንድ የልብ ድካምን በአዲሱ ዘዴ፣ አስምን በተለመደው ይማር። ቡድን ሁለት በተቃራኒው። ማንም ተበደልኩ አይልም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ይወደዋል። ፋይል መለዋወጡ ሙሉ በሙሉ ባይቀርም የመለዋወጡ ጉጉት ይቀንሳል። ወይም ደግሞ በዓመት ክፈሉ፦ ያምናው ባች ከዘንድሮው። ያ ግን ባች ከባች ስለሚለያይ ደካማ ነው።

የተማሪዎች አመለካከትና ዝግጁነት ላይ መጠይቅ ብበትንስ?

ደከመኝ! እውነቴን ነው። እጄ ላይ የሚመጣው ፕሮፖዛል አብዛኛው ይኼ ነው። "አመለካከት፣ ዝግጁነት እና ተያያዥ ምክንያቶች።" ውጤቱን ሳላየው ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ከግማሽ በላይ ጥሩ አመለካከት አለው፣ ችግሩ ኔትወርክ ነው፣ ላፕቶፕ ያለው ከሌለው ይበልጥ ዝግጁ ነው።

ዶናልድ ከርክፓትሪክ በ1959 ሥልጠናን የሚመዝኑ አራት ደረጃዎችን አስቀምጠዋል። ወደደው? ተማረ? ሥራው ላይ ተጠቀመበት? ውጤት አመጣ? መጠይቃችሁ የመጀመሪያው ላይ ቆሟል። የግድ ከሆነ ሥሩት፤ ግን ቢያንስ አንድ እርምጃ ወጥታችሁ ተማሪው ምን እንዳወቀ ለኩ።

ቻትጂፒቲ መጣ፤ መምህር ይቀራል?

ቻትጂፒቲ የወጣው በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ በየካቲት 2023 የታተመ ጥናት የአሜሪካ ሐኪሞች የፈቃድ ፈተናን ሦስቱንም ደረጃ ከማለፊያው ነጥብ አካባቢ እንደደረሰበት አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሞዴሎቹ ተሻሽለዋል። የምርምሩ ጎርፍም ወደዚያ ዞሯል።

መጀመሪያ የወጡት ጥናቶች "ፈተና ያልፋል ወይ?" የሚሉ ነበሩ፤ ያ ተመልሷል። አሁን የሚጠቅመው "ተማሪው አብሮት ሲሠራ ምን ይማራል፣ ምን ይረሳል?" የሚለው ነው። እኔን የሚያጓጓኝ ደግሞ ቋንቋው ነው። በሽተኛችን "ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ልቤን ይወጋኛል" ይላል። "ልቤን" ሲል ደረቱን ነው ወይስ ጨጓራውን? ወሎ ውስጥ ያደገ ነርስ ይገባዋል። ማሽኑ ይገባዋል? ተማሪ በአማርኛ ታሪክ መውሰድን እንዲለማመድበት ቢደረግስ? ይኼን የሚሠራ ተማሪ ከመጣ በሩ ክፍት ነው፤ ወረፋ አትይዙም።

ኦንላይን ትምህርት በሽተኛን እንደጠቀመ የሚያሳይ ጥናት አለ ወይስ ሁሉም ወረቀት ነው?

አለ፤ ጥቂት ነው። የምወደው ይኼን ነው።

ሳንጂቭ አሮራ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የጉበት ሐኪም ናቸው። ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ሰው እሳቸው ጋ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይነዳል፣ ወራትም ይጠብቃል። በ2003 ፕሮጀክት ኤኮን ጀመሩ። በሽተኛውን ከማምጣት ዕውቀቱን ልላክ ብለው ነው። በየሳምንቱ በቪዲዮ ከገጠር ሐኪሞች ጋር ይገናኛሉ፤ ሐኪሙ የራሱን በሽተኛ ታሪክ ያቀርባል፣ አብረው ይወያያሉ። በ2011 ውጤቱ ታተመ። 407 በሽተኞች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የታከሙት 57.5 ከመቶ ዳኑ። በገጠርና በእስር ቤት ክሊኒኮች የታከሙት 58.2 ከመቶ። እኩል!

አሁን ከደላንታና ከወረኢሉ ተነስቶ፣ ሌሊት ተጉዞ፣ ደሴ ሆስፒታል በር ላይ ነጠላውን ተከናንቦ የሚጠብቀውን ሰው አስቡት። ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ቅርብ ነው። ደላንታ ግን ቅርብ አይደለም። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በድምፅ ብቻም ቢሆን፣ ሦስት አራት የወረዳ ሆስፒታሎችን አገናኝቶ ስንት ሪፈር እንደቀነሰ መቁጠር የሚያቅት ጥናት አይደለም።

ጽሑፎቹን በነጻ ከየት ላግኝ?

ሂናሪ ግቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚያቀርበው የመጽሔቶች ማግኛ ነው፤ የኢትዮጵያ ተቋማት በነጻ ይጠቀማሉ። የይለፍ ቃሉ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ጠይቁ እንጂ። ፐብሜድ ሴንትራልና ቢ.ኤም.ሲ. ሜዲካል ኤዱኬሽን ለማንም ክፍት ናቸው። "በሦስት ቀን እናትማለን፣ ክፍያው ይኼን ያህል" የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ ግን ሰርዙት።

የበሽተኛ ፎቶ ወይም የአልጋ ዳር ቪዲዮ ግሩፕ ላይ ብለጥፍስ?

ያለ ፈቃድ አይሆንም። ፊቱን ሸፍኜዋለሁ ማለትም አይበቃም። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው በቁስሉም፣ በንቅሳቱም፣ በክታቡም ይታወቃል። ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር ደግሞ አይመለስም። ፈቃዱ የጽሑፍ ይሁን፤ ለሕክምና የተሰጠው ፈቃድ ለማስተማሪያ አይሆንም። የራሳችሁን ተማሪዎች የምታጠኑ ከሆነም መጠይቁን ሌላ ሰው ይበትንላችሁ። ውጤት በሚሰጠው ሰው ፊት "አልሳተፍም" የሚል ተማሪ የት ይገኛል?

ስልክ እንጂ ካሜራ የለኝም። ትምህርት መቅዳት እችላለሁ?

ስልኩ ይበቃል። አሥር ደቂቃ አይለፍ፤ አንድ ሐሳብ ብቻ ያዙ። ጽሑፉን አታንብቡ፣ አውሩት። የፋይሉን ስም ርዕሱን አድርጉት፤ "ፋይናል አዲስ ሁለት" የሚል ፋይል ስንቱ ስልክ ውስጥ ጠፍቶ ቀርቷል። ድምፅ ከምስል ይበልጣል። ደብዛዛ ምስል ይታገሱታል፤ የተቆራረጠ ድምፅ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያዘጋቸዋል። ወፍራም ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ክፍል ጥሩ ስቱዲዮ ነው።

ሰዓቱን ምረጡ። እኔ የሚትራል ቫልቭ ጥበትን የልብ ድምፅ (ማርመር የምንለውን) ያስረዳሁት ሐምሌ ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። ስቀዳ ዝናቡ ካፊያ ነበር፤ መሃል ላይ ዶፍ ሆነ። እኔ በጀመርኩት ቀጠልኩ። ለቅቄው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዷ ተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "ዶክተር፣ ማብራሪያው ግልጽ ነው። ግን ማርመሩ የቱ ነው፣ ዝናቡ የቱ ነው?"

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ እንደገና ቀዳሁት።